ፊደል የለየች፣ መጽሐፍ ያልዘለቀች ልጅ፦ ለኮምቦልቻዋ እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምኖር እናት ነኝ፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ሦስተኛ ክፍል የሆነችው ልጄ የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ሳትደናቀፍ ትወጣዋለች። መጽሐፍ ስሰጣት ግን ፊደል በፊደል ትለቅማለች፤ የቃሉ መጨረሻ ላይ ስትደርስ መጀመሪያው ይጠፋባታል። ምን አነበብሽ ብዬ ስጠይቃትም ዝም ትላለች። ትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት አለው፤ ነገር ግን ከአምስተኛ ክፍል በታች ያሉ ልጆች አይገቡበትም፣ መጽሐፍም ወደ ቤት አይወጣም። ቀን አብራት የምትውለው እናቴ ናት፤ እርሷ ደግሞ ማንበብ አትችልም። አስጠኚ የምቀጥርበት አቅም የለኝም። ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ የተከበሩ እህቴ፣ ደሴ ተቀምጬ በዚህ አካባቢ ካሉ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን ጋር በንባብ ትምህርት ላይ የምሠራ ሰው ነኝና የጻፉት ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም። የልጅዎ ችግርም የእርሷ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው 10 ዓመት ከሆነ 100 ልጆች መካከል 90 ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚመጥን አጭር ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ይህን የምነግርዎ ልጅቷን ሰነፍ ናት ብለው እንዳይደመድሙባት እንጂ እንዲጽናኑበት አይደለም። በጥያቄዎ ውስጥ እንደ ጉድለት ከቆጠሯቸው ነገሮች አንዱ፣ ማለትም እናትዎ ማንበብ አለመቻላቸው፣ እርስዎ እንዳሰቡት ጉድለት አይደለም፤ ዋናው ጉድለት ያለው በተቆለፈው ቤተ መጻሕፍት በኩል ነው። ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳ።

ከሁሉ በፊት ልጅቷ ፊደል ማወቋን አብረን እንመርምር። ገበታውን በዜማ መውጣትና ፊደልን መለየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጆች «ሀ ሁ ሂ ሃ»ን በቃላቸው እንደ መዝሙር ይዘው፣ ጣታቸውን በየሳጥኑ እያሳለፉ ሲያዜሙ ዓይናቸው ፊደሉን ሳያይ አፋቸው ሊቀድም ይችላል። ይህን ለማወቅ ከደረቅ ወረቀት ወይም ከካርቶን ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ይቁረጡና በገበታው ላይ ያለ ተራ እያዘዋወሩ ይጠይቋት፤ ዛሬ «ጌ»ን፣ ቀጥሎ «ሙ»ን፣ ከዚያ «ቅ»ን። የቀደሙት የቤተ ክህነት መምህራን ይህን ድክመት በሚገባ ያውቁት ስለነበር ነው «ሀ ሁ»ን ያስፈጸሙትን ልጅ በቀጥታ ወደ ንባብ ሳይወስዱ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» እያሉ አቡጊዳን የሚያስቆጥሩት፤ በአቡጊዳ ተነባቢውም አናባቢውም በየእርምጃው ስለሚለዋወጥ የለመዱት ዜማ አያድንም፣ ፊደሉን ማየት ግድ ይሆናል። ዛሬ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው ገበታ አቡጊዳው መቅረቱ ያሳዝነኛል። የእርስዎ ልጅ በቀዳዳው ስትጠየቅ ከተሳሳተች ሥራው ገና እዚያው ነው፤ 33ቱ የፊደል ዘሮች በ7 ሲባዙ 231 ምልክቶች ናቸውና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን የምትሳሳትባቸውን፣ በተለይም የሚመሳሰሉትን «ለ»ና «ሰ»ን፣ «ጠ»ና «ጨ»ን፣ «ነ»ና «ኘ»ን፣ ካዕብና ሣልሱን (ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቅርጽ፣ እንደ «ሉ»ና «ሊ») ለይተው ያለማምዷት። በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

በቀዳዳውም ሳትሳሳት ካለፈች ግን ችግሩ ከፊደል ወደ ቃል መሻገሩ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ የአማርኛን ጽሕፈት ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ሳድስ ፊደል፣ ማለትም በገበታው ስድስተኛው ቅርጽ፣ አንዳንዴ አናባቢ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፤ «ልብስ» በሚለው ቃል ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፣ ነገር ግን እንደ ገበታው «ል፣ ብ፣ ስ» ብላ ሦስቱን ለየብቻ የምታነብ ልጅ በየቀኑ የምትለብሰውን ልብስ አትሰማበትም። የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅም በጽሑፍ አይለይም። «ሰፊ» ስናላላው ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፣ ስናጠብቀው ስፋት ያለው ነገር ነው፤ «ገና» ያልደረሰ ነገር ወይም በዓሉ ነው፤ «ይበላል» ምግብ የሚመገበውን ሰው ወይም የሚበላውን ምግብ ሊገልጽ ይችላል። ገጹ ላይ የሚረዳ ምልክት ስለሌለ አንባቢው የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ትርጉም ነው። ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ ትርጉሙን ለማግኘት ያነባል፣ በትክክል ለማንበብም ትርጉሙን አስቀድሞ ይጠረጥራል። ቋንቋው በጆሮዋ የሞላ ልጅ «ል-ብ-ስ» ብላ ስትንገታገት በመሀል «አሃ፣ ልብስ!» ትላለች፤ በጆሮዋ ያልሰማችውን ቃል ግን ብትለቅመውም አታውቀውም።

ፊሊፕ ጎፍና ዊሊያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት፣ ዛሬም በንባብ ትምህርት ውስጥ መነሻ የሆነ ሐሳብ አለ፤ አንብቦ መረዳት ጽሑፉን ወደ ድምፅ የመለወጥ ችሎታና ንግግርን ሰምቶ የመረዳት ችሎታ ብዜት ነው ይላሉ። ድምር ሳይሆን ብዜት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። የመጀመሪያውን በዋናነት የሚያስተምረው መምህሩ ነው። ሁለተኛው ግን ከትምህርት ቤት በፊትና ከትምህርት ቤት ውጪ፣ በጉልበት ላይ ተቀምጦ፣ በምድጃ ዙሪያ፣ ከሚናገር ሰው ጋር በመዋል የሚገነባ ነው። እናትዎ ቀኑን ሙሉ ከልጅቷ ጋር ይውላሉ ብለውኛል። እንግዲህ የሥራውን ግማሽ ሊሠራ የሚችል ሰው በቤትዎ አለ ማለት ነው።

ለእናትዎ የሚነግሯቸው ነገር ቀላል ነው፤ ተረት ይንገሯት፣ እንቆቅልሽ ይጠይቋት፣ የሚሠሩትን እየሠሩ ያጫውቷት። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብላ የምትቀበል ልጅ ታሪክ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ እንዳለው፣ አንድ ነገር ከሌላው የሚከተልበት ምክንያት እንዳለው እየተማረች ነው፤ መጽሐፍ ስትከፍት የሚጠብቃት ይኸው ነው። እንቆቅልሽማ በንባብ አስተማሪነቴ እጅግ የምወደው ጨዋታ ነው፤ «ምን አውቅልሽ» ብላ ነገሩን በቀጥታ ሳይጠራ ከተሰጣት ፍንጭ ማግኘት አለባት፣ ካቃታትም «አገር ስጪኝ» ተብላ ኮምቦልቻን ወይም ደሴን ትሰጣለች፤ አገር ያገኙት አያት ደግሞ መልሱን ያስረዳሉ። ከተነገረው ተነሥቶ ያልተነገረውን ማግኘት በንባብ ፈተና ላይ ልጆቻችንን በብዛት የሚጥላቸው ጥያቄ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከተረቱ በኋላ ልጅቷ መልሳ እንድትተርተው ያድርጉ። የሚሰማ ልጅ ብዙ ያተርፋል፣ የሚናገር ልጅ ግን የበለጠ ያተርፋል። በቤታችሁ የሚነገረው ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ ከሆነም፣ በቃሉ ወረዳና በከሚሴ መስመር ያሉ ብዙ ቤተሰቦች እንዲህ ናቸውና፣ ተረቱ በዚያው በእናትዎ ቋንቋ ይሁን፤ በአንድ ቋንቋ ያበበ አስተሳሰብ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ የተሰባበረ አማርኛ ከመስማት ይልቅ የሞላ ኦሮምኛ መስማት ይበልጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የእርስዎ ድርሻ ይመጣል፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ዕረፍት በሚሆኑበት ዕለት፣ ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ነው። እናትዎ ከተረቱት አንዱን ልጅቷ እየነገረችዎ በደብተር ላይ እርስዎ ይጻፉት፤ በትልልቅ ፊደል፣ በአንድ ገጽ ላይ ከአራትና አምስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ሳያስበልጡ፣ ባለችው ቃል ሳያሳምሩት። ከበታቹ ሥዕል ትሣልበት። ይህን ገጽ ልጅቷ ታነበዋለች፤ ምክንያቱም ታሪኩን ታውቀዋለች፣ ቃሉም የራሷ ነው፣ ስለዚህ ፊደሉን ስትለቅም የምትደርስበትን አስቀድማ ታውቃለች። ሲደጋገም ዓይኗ ቃሉን በአንድ ጊዜ ማንሣት ይጀምራል። በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ደብተሩ የአያት ተረት መጽሐፍ ይሆናል። ለእናትዎም ክብር ነው፤ ማንበብ የማይችሉ አያት የነገሩት ነገር በልጅ ልጃቸው አንደበት ሲነበብ የሰሙበት ቤት ገብቼ አውቃለሁ፣ ዕንባቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ አይቻለሁ።

ጮክ ብላ የምታነብበት ጊዜ ከቤቱ ልማድ ጋር የተያያዘ ይሁን። የፈረቃ ሥራ ሰዓትን ያዘበራርቃልና «በየቀኑ በአንድ ሰዓት» የሚል ደንብ አይጸናም። ቡና ግን በብዙ ቤት አይቀርም። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ለአንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ንባብ በቂ ነው፤ እርስዎ ባይኖሩም አያቷና ጎረቤቶች ይሰሟታል። ሰሚው ማንበብ ባይችልም «ከዚያስ?»፣ «ለምን እንዲህ አደረገ?»፣ «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። አሜሪካዊው ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ወላጆች ለሕፃናት መጽሐፍ ሲያነቡ እንዲህ ያለ ክፍት ጥያቄ እየጠየቁ ልጁን ተናጋሪ ሲያደርጉት የልጁ ቋንቋ በአጭር ጊዜ ውስጥ እንደሚያድግ አሳይተዋል። ስትሳሳት ወዲያው አይቁረጧት፤ በልብዎ እስከ አምስት ቆጥረው ይጠብቁ፣ ራሷ ካላረመችው ቃሉን ይንገሯትና ትቀጥል። «ሦስተኛ ክፍል ሆነሽ ይህን ታጪዋለሽ?» የሚለው ቃል ከቤትዎ ፈጽሞ ይጥፋ። እጅግ ብዙ ልጆች ማንበብ የሚጠሉት ባለመቻላቸው ሳይሆን ባለመቻላቸው ስለተዋረዱ ነው።

አሁን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ልመለስ፤ እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚነበብ ነገር ከሌለ ወደ ፊት አይሄድምና። የአያት ደብተር መነሻ ይሆናል፣ ነገር ግን ልጅ አንባቢ የሚሆነው በብዙ መጻሕፍት ነው። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ዓመቱን ሙሉ የያዘች ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ገጾቹን በቃሏ ትይዛቸዋለች፣ ከዚያ በኋላ የምታነብ ይመስላል እንጂ አታነብም።

የእርስዎ ትምህርት ቤት አሠራር የተለየ አይደለም። እዚህ ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የልጆች ተረት መጻሕፍት ከነማሰሪያቸው በመደርደሪያ ላይ ተቀምጠው አግኝቻለሁ። የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ለምን ለልጆቹ አይሰጡም ብዬ ስጠይቃት፣ በስሟ የተረከበችው ንብረት እንደሆነና በቆጠራ ጊዜ ቢጎድል ከደመወዟ እንደሚቆረጥ ነገረችኝ። ልፈርድባት አልቻልኩም። የአንድ ሰው ደመወዝ በመጻሕፍት ላይ የተንጠለጠለ እስከሆነ ድረስ በሩን መቆለፍ ለእርሷ አስተዋይነት ነው። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄዱ በሠራተኛዋ ላይ ቅሬታ ይዘው አይሂዱ፤ መፍትሔው ያለው ከእርሷ በላይ ነው። የሚጠየቀው ርእሰ መምህሩና የወላጅ መምህር ኅብረቱ በጋራ ተሰብስበው በቃለ ጉባኤ እንዲወስኑ ነው። ውሳኔው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የሚያገለግሉ ቀጫጭን የተረት መጻሕፍት ለውሰት ወደ ቤት እንዲወጡ፣ በአግባቡ በውሰት መዝገብ ተመዝግቦ የጠፋ ወይም የተቀደደ መጽሐፍ በሠራተኛዋ ላይ ዕዳ እንዳይሆን፣ በየዓመቱ መጨረሻም በኮሚቴ ተጣርቶ እንዲወገድ የሚል ይሁን። የንብረት አያያዝ ቋሚና አላቂ ዕቃን ይለያል፤ ጠመኔ ሲያልቅ ማንም አይከሰስም። የልጅ ተረት መጽሐፍም እንደ ጠመኔ በአገልግሎት የሚያልቅ ዕቃ ሆኖ እንዲታይ ከትምህርት ቤቱ የፋይናንስና ንብረት ሠራተኞች ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። በእጅ ብዛት ያለቀ መጽሐፍ ሥራውን ሠርቷል፤ ከአሥር ዓመት በኋላም አዲስ የሆነ መጽሐፍ ግን ለማንም አልጠቀመም።

ታናናሾቹ አይገቡም ስለሚለው ደንብ ግን ያለ ማለሳለስ ልናገር፤ ስሕተት ነው። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መግለጫ አገልግሎቱ ዕድሜ ሳይለይ ለትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ አባላት ሁሉ በእኩልነት መሰጠት አለበት ተብሏል፤ ይህንንም በስብሰባው ላይ ማንሣት ይችላሉ። ከመግለጫው ይልቅ ግን ነገሩ ራሱ ይናገራል። የማንበብ ልማድ የሚተከለው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ነው፤ እስከ አምስተኛ ክፍል በሩ የተዘጋበት ልጅ በሩ ሲከፈትለት የሚገባበት ምክንያት የለውም። የክፍሉ ጥበት ምክንያት ከሆነ መጻሕፍቱ ወደ ልጆቹ ይሂዱ። በብስኩት ወይም በሳሙና ካርቶን የተወሰኑ መጻሕፍት ተደርገው በየክፍሉ በመምህርቷ ጠረጴዛ ሥር ይቀመጡ፣ በየወሩ ካርቶኖቹ ከክፍል ወደ ክፍል ይለዋወጡ፣ ዓርብ ዓርብ አንድ አንድ መጽሐፍ ለቤት ይውጣ፣ ሰኞ ይመለስ። መዝገቡን ከፍ ያለ ክፍል ያሉ ሁለት ተማሪዎች ሊይዙት ይችላሉ። በሐዋሳ በአህያ በሚጎተት ጋሪ ላይ መጻሕፍት ተጭነው ልጆች ወዳሉበት ይሄዱ ነበር፤ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ካርቶን መሸከም ከዚያ አይከብድም።

ካርቶኑ ውስጥ የሚገባው ነገር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ በአካባቢያችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ወንበራቸውን፣ ኮምፒዩተራቸውንና መጻሕፍታቸውን አጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ የተሰበሰበው ልገሳ ለመማሪያ መጽሐፍና ለመቀመጫ ቅድሚያ መስጠቱ ተገቢ ነበር። ይሁንና በልገሳ የሚመጣው የልጆች መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ለጋሾቹን አመሰግናለሁ፣ ግን በአማርኛ ገና የምትንገታገት የሦስተኛ ክፍል ልጅ በማታውቀው ቋንቋ ማንበብ አትጀምርም። አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ፕሮጀክት በአማርኛ የተዘጋጁ ባለ ሥዕል አጫጭር ተረቶችን በነፃ በኢንተርኔት ያቀርባል፤ ማውረድና ማተምም ይፈቅዳል። በስልክዎ አውርደው ፎቶ ኮፒ ቤት በጥቁርና ነጭ ቢያሳትሙት ከአንድ የታተመ መጽሐፍ ዋጋ ባነሰ ብዙ ተረት ያገኛሉ። ትምህርት ቤቱ ማተሚያ ካለው ደግሞ ጠይቁት። ከሁሉ የምወደው ግን ይህ ነው፦ የልጅዎ ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች ሁሉ እንደ እርሷ የአያቶቻቸውን ተረት አንድ አንድ ገጽ ቢያመጡና ቢሰፋ፣ ካርቶኑ የወሎ ልጆች የጻፉት፣ የወሎ ልጆች የሚያነቡት መጽሐፍ አለው። የክፍል መምህርቷን በዚህ ጉዳይ ቢያነጋግሯት እምቢ ትላለች ብዬ አላስብም። ለእርሷም ሥራዋን የሚያቀልላት ነገር ነው።

አንድ ነገር ቸል እንዳይሉ። ልጅቷ መጽሐፉን ወደ ዓይኗ በጣም የምታስጠጋ፣ ሰሌዳውን ለማየት ዓይኗን የምታጠብብ፣ ራሴን ያመኛል የምትል ወይም ስትጠራ የማትሰማ ከሆነ ከንባብ ልምምዱ በፊት ዓይኗና ጆሮዋ ይታዩ። ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል። መነጽር ብቻ የሚያስፈልጋቸው ልጆች «አይገባቸውም» ተብለው ክፍል ሲደግሙ አይቻለሁና ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ልምምዱን ሲጀምሩ ከእናትዎ ተረት ከጻፉት ገጽ አንዱን ቀን ጽፈውበት ለብቻው ያስቀምጡት፤ ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ስንት ቦታ እንደቆመች በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከሁለት ወር በኋላ ከዚህ ጋር በርዝመትና በክብደት የሚመጣጠን፣ ያላየችውን አዲስ ገጽ ይስጧት። የምትቆምበት ቦታ ከቀነሰና የተነበበውን በራሷ ቃል መናገር ከጀመረች መንገዱ ትክክል ነው፣ በዚያው ይቀጥሉ። ካልቀነሰ ሁለቱን ገጾች ይዘው ወደ ክፍል መምህርቷ ይሂዱ፤ በየትኛው ፊደልና በየትኛው ቃል ላይ እንደምትቆም በወረቀት የተያዘ ማስረጃ «ልጄ ማንበብ አቃታት» ከሚለው አቤቱታ ይልቅ መምህርቷ የምትጀምርበትን ቦታ ያሳያታል። ለወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባም እነዚያኑ ገጾች ይዘው ይግቡ፤ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሲናገሩ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጧቸው።